የዳማ አንገትና ሁለተኛው ሞገድ

በእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በስሟ የሚጠራት የለም። በቅሎ እየጎተተ የሚመጣው «አይስቴ የለችም እንዴ?» ይላል፤ ጥጃ ይዛ የምትመጣዋም «አይስቴ፣ እባክሽ ይቺን እያት» ትላለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አጎቷ ናቸው፤ የእናቷ ወንድም፣ ባለጋሪው። «በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ አንድ ቀን እንኳ ደም ሥር ስታ አታውቅም» ይላሉ። ጋሪያቸው ላይ ለወጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይነግሩታል፤ ሰውየው ከብት ይኑረው አይኑረው ግድ የላቸውም።

ሐሰትም አልነበረም። ፈረስ ስትወጋ ቆሞ ያየ ሰው የአጎቷን ጉራ ይቅር ይላል። መጀመሪያ በግራ አውራ ጣቷ የአንገቱን ቦይ ከታች በኩል ትጫናለች፤ ደሙ መውረጃ ሲያጣ ደም ሥሩ ውኃ እንደሞላ ጎማ ይወጠራል። በጣቷ ጫፍ አንዴ መታ ታደርገዋለች። ፈረሱ ትንፋሹን እስኪያወጣ ትጠብቃለች። ከዚያ መርፌውን ብቻውን፣ መድኃኒቱን ሳትገጥም ታስገባና የሚወጣውን ደም ታያለች። ጠቆር ብሎ ቀስ እያለ ከተንጠባጠበ ልክ ናት፤ ደመቅ ብሎ እየዘለለ ከመጣ ግን ከሥሩ ያለውን ደም ቅዳ ነክታለችና ወዲያው ትነቅላለች። መድኃኒቱ እኩሌታው ሲገባ ደግሞ ቆም ትልና መግፊያውን ወደ ኋላ ሳብ ታደርገዋለች። ደም ተከትሎ ከመጣ መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህን የመሀል ፍተሻ ብዙ ሰው አያደርገውም። እሷ ግን ዘላው አታውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዘለለችው።

የክትባት ቀን ስለነበር ግቢው በሰው ተሞልቷል። አጎቷ ዳማን ይዘው መጥተዋል። ዳማ ጋሪያቸውን የምትጎትተው ባዝራ ናት፤ የኋላ እግሯ አብጦ ታነክስ ስለነበር የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋት ነበር። አጎቷ ገመዷን በአንድ እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዞሩና «እዩ እንግዲህ! ይቺ ልጅ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትወጋው!» አሉ። ሰው ሳቀ። መድኃኒቱ እኩሌታው እንደገባ አጥሩ ሥር ባልዲ ተንኳኩቶ ወደቀና ዳማ ራሷን ወረወረች።

እዚህ ላይ መቆም ነበረባት። አጎቷ ግን «አያችሁ? ንቅንቅ አላለችም!» አሉ፤ የሰዉ ዓይን ሁሉ እጇ ላይ ነበር። ሳትፈትሽ ገፋችው። መግፊያው አውራ ጣቷ ሥር ከበደ።

ያ ክብደት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ በግቢው አልነበረም። ደም ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ሳይታገል ይሄዳል፤ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ግን ጣትን መልሶ ይገፋል። ይኼኛው መድኃኒት ደግሞ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል። መደረግ የነበረበት ግልጽ ነው፦ ማቆም፣ ዙሪያውን የጨው ውኃ ወግቶ ማቅጠን፣ ለባለቤቱ «ሳትኩ» ብሎ መንገር። እሷ ጥጥ ጫነችበትና «አበቃ» አለች። ሰው አጨበጨበ።

አሁን መድኃኒቱ የፈሰሰበት ቦታ በምን አጠገብ እንደሆነ እንይ፤ ይህን ያወቀ ሰው ከዚያ ወዲያ ፈረስ ሲግጥ በዝምታ ማለፍ ይቸግረዋል። ከደም ሥሩ ጀርባ፣ ከደም ቅዳው ጋር እንደ ገመድ ተያይዞ፣ ቬገስ የሚባል ነርቭ ይወርዳል። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ነው። ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ ጉሮሮን፣ ልብን፣ ሳንባን፣ ሆድን ያዳርሳል። መዋጥም በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነው። ምግብ በክብደቱ የሚወርድ ይመስለናል እንጂ ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ጉርሻው የሚሄደው እኮ ሽቅብ ነው! ሽቅብ የሚያስኬደው ሞገድ ነው። የምግብ ቧንቧው ከጉርሻው ኋላ ይጨበጣል፣ ከፊቱ ይላላል፤ ጭብጡ እየተከተለ ይገፋዋል። «አሁን ያዝ፣ አሁን ልቀቅ» የሚለውን ትእዛዝ ከአንጎል ይዞ የሚወርደው ቬገስ ነው።

ነርቩ ወሬም ይዞ ይመለሳል። ጉርሻ መሀል መንገድ ላይ ከቀረ የቧንቧው ግድግዳ ይወጠራል፤ ነርቩ ያንን ለአንጎል ያደርሳል፤ አንጎልም እንስሳው ደግሞ ሳይውጥ፣ ሳያውቀውም፣ ሁለተኛ ሞገድ ይልካል። የቀረውን ለቅሞ የሚሄደው እሱ ነው። ይህን ሁለተኛ ሞገድ ያዙልኝ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ገና የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን እየከፈተች ሳለ፣ የአጎቷን ድምፅ ከግቢው በር ሰማች።

«አይስቴ! ነይ ውጪ! ታነቀችብኝ!»

ዳማ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ቆማለች። በሁለቱም አፍንጫዋ አረንጓዴ አረፋ ይወርዳል። ታስላለች፤ ሳሉ አንገቷን እንደ ገመድ ይነዝረዋል። በአንገቷ ግራ፣ መሀሉ ላይ፣ የእንቁላል ያህል እብጠት ይታያል። አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። አጎቷ በአንድ እጃቸው ገመዷን ይዘዋል፤ በሌላው ብብታቸው ሥር የዘይት ጠርሙስ አለ።

«መቼ ጀመራት?»

«ዛሬ ማለዳ። ፉርሽካዋን ጎረሰች፣ ሁለቴ ዋጠች፣ ከዚያ በአፍንጫዋ መጣ።»

«ደረቁን?»

«ቸኩዬ ነበር።»

«ፉጨቱስ?»

«እሱ ቆይቷል፤ ሳምንት አልፎታል። ዳገት ስንወጣ ነው። ጉንፋን ነው ብዬ።»

«ከዚያ በፊት አፏጭታ ታውቃለች?»

«ዘጠኝ ዓመት ስነዳት? ኧረ ምን በወጣት! ምነው እንደ ፖሊስ መረመርሽኝ?»

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ጣልቃ ገባ። «ፖሊስ ቢሆን እኮ ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት። ደረቅ ፉርሽካ!»

«አንተ በርህን ጠብቅ።»

አይስቴ አልሳቀችም። እጇን ከዳማ መንጋጋ ሥር አስገብታ ማንቁርቷን በሁለት ጣቶቿ ያዘች። «አጎቴ፣ በግራ በኩል ከትከሻዋ ኋላ በመዳፍዎ ጠፍ ያድርጓት።» መቷት። በቀኙ ጣቷ ሥር ቅንጣት የምታህል ነገር ፈጠን ብላ ዘለለች። «አሁን በቀኝ።» መቷት። ግራ ጣቷ ምንም አልተሰማውም። «ይድገሙት።» ደገሙት። ምንም።

ይህ ዘዴ የቆየ ነው፤ የሚገርምም ነው። ማንቁርት የአየር ቧንቧው በር ናት፤ ሁለት መዝጊያ አላት። ትከሻዋን በቀኝ ሲመቷት የግራው መዝጊያ ይነቃነቃል፣ በግራ ሲመቷት የቀኙ። የግራውን መዝጊያ የሚያዝዘው ነርቭ መንገዱ ግን ጉድ ነው። ከራስ ቅል እስከ ማንቁርት ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ነርቩ ግን በቀጥታ አይሄድም። ከቬገስ ጋር አብሮ አንገትን ጨርሶ ደረት ይገባል፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ሥር ይዞርና ያንኑ አንገት ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። ለአንድ ስንዝር ሥራ ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ይጓዛል! ሁለት ጊዜ ደግሞ ያቺ መርፌ በሳተችበት ቦታ አጠገብ ያልፋል፤ ሲወርድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ።

ስለዚህ አሁን ሁለት ነገር አወቀች። በሩ በግራ በኩል አልታዘዝ ብሏል። እብጠቱ ደግሞ ከጎኑ የሚያልፈውን የምግብ ቧንቧ ስለተጫነው ደረቁ ፉርሽካ እዚያው ተቀርቅሯል። ቧንቧው በፈረስ አንገት ውስጥ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የወጋችውም በግራ ነው።

ቀና ስትል አጎቷ የዳማን ገመድ በጣሪያው ወጋግራ ላይ ወርውረው ራሷን ሽቅብ ሊስቡ ነው። የጠርሙሱን ክዳን በጥርሳቸው ፈትተዋል።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ዘይት ላፍስላትና ይንሸራተት። ምን ልታደርጊ መሰለሽ?»

«ይተዉት አጎቴ። ሳንባዋ ይገባል።»

«ሠላሳ ዓመት አድርጌዋለሁ፤ ሦስት ፈረስ አድኜበታለሁ። አንዱም ሳንባው አልገባም። አንቺ መርፌሽን አዘጋጂ።»

እውነታቸውን ነው። ደህና ፈረስ ራሱን ሽቅብ ይዘው ቢያፈሱበት እንኳ ብዙ ጊዜ በሩን ዘግቶ ያመልጣል። ስለ ሳንባ የምትለውን ሁሉ ከዚህ ቀደም ሰምተውታል፤ ሰምተውም ዳማን ሁለቴ ዘይት አጠጥተዋታል። የሚያቆማቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከሌላው ቀን የሚለየው ነገር። ጥፋቷን ሳትናገር የምታመልጥበት መውጫም ነበራት። የግራ ማንቁርት መስነፍ በፈረስ ዘንድ ያለ ነው፤ ያለምንም ምክንያት በራሱ የሚመጣባቸው ብዙ ናቸው። «ከተፈጥሮዋ ነው» ብትል የሚጠይቃት የለም።

ገመዱ ተወጠረ። የዳማ አገጭ ተነሣ። ፉጨቱ ቀጠነ። ጠርሙሱ ወደ ከንፈሯ ጥግ ሄደ።

«አጎቴ፣ በሩ አይዘጋም!»

«የምን በር?»

«የትንፋሿ በር። በግራ በኩል ሞቷል። ቢያፈሱባት ዘይቱ ቀጥ ብሎ ሳንባዋ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የዚያን ቅዳሜ ስቻለሁ።»

አጎቷ ጠርሙሱን እንደያዙ ቆሙ። ዘበኛው መሬት መሬቱን አየ።

«ስቻለሁ ነው ያልሽው?»

«ስቻለሁ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እየገፋሁትም አውቄያለሁ።»

ጠርሙሱን አልሰጧትም። አጎንብሰው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ክዳኑንም ፈልገው ገጠሙት። ገመዱን ከወጋግራው አወረዱ። ከዚያ ወደ እሷ ሳያዩ «እሺ፣ ዶክተር። ምን ላድርግ?» አሉ።

በሃያ ሁለት ዓመት ዶክተር ብለዋት አያውቁም። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

መጀመሪያ ማረጋጊያ ያስፈልጋል፤ ራሷን እንድትደፋ፣ አረፋው ወደ ሳንባ ሳይሆን ወደ መሬት እንዲወርድ። መድኃኒቱን ስትቀዳ አጎቷ በቀኝ በኩል ዞረው ቆሙ።

«በዚህኛው ደም ሥር አድርጊላት። በደም ሥር ሲሆን ወዲያው ነው ትይ የለ?»

የቀኝ አንገቷን ቦይ አየችው። እጇ ሳይታዘዝ አውራ ጣቷ ሄዶ ተጭኖ ነበር፤ ደም ሥሩም ተወጥሮ ቀርቧል። ከሥሩ ያለው ነርቭ ግን አሁን ለሁለት የሚሠራ ብቸኛው ነው። በግራ ያጣችውን ዳማ በእሱ ነው የምታካክሰው። እሱም ከሄደ የሚቀር የለም። አውራ ጣቷን አነሣች።

«ጡንቻዋ ላይ ነው የምወጋት።»

«ይዘገያል።»

«ሃያ ደቂቃ። እንጠብቃለን።»

ዘበኛው «አይስቴ ጡንቻ ላይ!» ሊል ጀምሮ መሀሉ ላይ ዋጠው።

ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። ዳማ ስትስል አጎቷም አብረው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ቀስ በቀስ የዓይኗ ሽፋን ከበደ፣ ከንፈሯ ተንጠለጠለ፣ ራሷ እስከ ጉልበቷ ወረደ። አረፋው ወደ መሬት መንጠባጠብ ጀመረ።

አይስቴ እስከ ሆድ የሚደርሰውን ረጅም ቱቦ በሞቀ ውኃ አለስልሳ በዳማ አፍንጫ ቀዳዳ አስገባችው። ከጉሮሮ ኋላ ሲደርስ ሁለት መግቢያ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ አንዱ ወደ ሆድ። እንስሳው ራሱ ካልዋጠ ቱቦውን መግፋት ቁማር ነው፤ ሲውጥ ግን የአየሩ በር ይዘጋል፣ የምግቡ ይከፈታል። የሚጠበቀው ያቺ ቅጽበት ናት። በማረጋጊያ የፈዘዘ ፈረስ ደግሞ ለመዋጥ ይሰንፋል።

ጉሮሮዋን በቱቦው ጫፍ ነካችው። ምንም። ትንሽ ስባ ድጋሚ ነካችው። ዳማ አሳለች፤ አይስቴ ወዲያው ወደ ኋላ ሳበች።

«አልዋጠችም» አሉ አጎቷ።

«ቆይ።»

«መዋጡንም አጥፍተሽው ይሆን?»

እሷ ቱቦውን በጣቶቿ አሽከረከረችውና ጫፉን አዙራ ለሦስተኛ ጊዜ ነካችው። የዳማ ምላስ ተንቀሳቀሰ፣ ጉሮሮዋ ሽቅብ ተነሣ። ያኔ ገፋችው። በአንገቷ ግራ፣ ከቆዳው ሥር፣ የቱቦው ጫፍ እንደ ጣት ተነሥቶ ሲወርድ ሁሉም አዩት።

«ዋጠች» አለች። «የጉሮሮዋ ቅርንጫፍ ደህና ነው አጎቴ። ከነርቩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፣ ራስ ቅሏ አጠገብ። እኔ የወጋሁት ከዚያ በታች ነው፤ አልደረስኩበትም።»

ቱቦው እብጠቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ የውኃ ሥራ ጀመሩ። ዘበኛው ለብ ያለ ውኃ በባልዲ ያመላልሳል፣ አጎቷ ቱቦው ላይ የተገጠመውን የእጅ ፓምፕ ቀስ አድርገው ይገፋሉ፣ እሷ ቱቦውን ይዛ «በቃ» ስትል ያቆማሉ። ውኃው ተመልሶ ይፈሳል፤ መጀመሪያ ንጹሕ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ፉርሽካ የተቀላቀለበት። ቱቦውን መግፋት አይቻልም፤ የተጎዳ ቧንቧ ይቀደዳል። እስከ ስምንተኛው ባልዲ ድረስ ጫፉ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ተራመደ። አጎቷ ላባቸው በአገጫቸው እየወረደ «ኧረ ቶሎ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ግን አልታወቀም። በአሥራ አንደኛው ባልዲ ቱቦው ሸርተት አለና ገባ። ከጫፉ የሆድ ሽታ ወጣ፤ የተቦካ ሣር ሽታ። በግቢው ውስጥ እንደዚያ ደስ ያለ ሽታ ሸትቶ አያውቅም።

ግን ገና ነበር። መንገዱ ተከፈተ እንጂ ሞገዱ በዚያ ማለፍ ይችል እንደሆነ አልታወቀም። ካላለፈ ዳማ ነገም ትታነቃለች፤ ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ። ማረጋጊያው እስኪለቃት አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ከዚያ አይስቴ አንድ እፍኝ ለስላሳ ሣር ውኃ ውስጥ ነክራ አቀረበችላት። ዳማ አሸተተች፣ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

ሦስቱም በግራ በኩል አጎንብሰው አንገቷን አዩ። ከመንጋጋዋ ሥር አንዲት ጉብታ ተነሣች። ወረደች፤ ሳትቸኩል፣ ሳትቆራረጥ። እብጠቱ ጋ ደረሰች። ቆመች።

«ቆመ» አሉ አጎቷ በሹክሹክታ።

«ቆይ።»

ዳማ አልዋጠችም። አፏ ባዶ ነው፤ ጆሮዋን ወደ መንገዱ አዙራለች። አንድ ትንፋሽ። ሁለት። ፉጨት። ሦስት።

ከዚያ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ከጉብታዋ በላይ ቆዳው በትንሹ ተጨማደደ። ቀጭን ጭብጥ ወረደ፣ የቆመችውን ጉብታ ከኋላዋ ያዛትና ገፋት። እብጠቱን አለፈች። ወደ ደረቷ ወርዳ ጠፋች።

«አዩት?» አይስቴ ጮኸች። «አዩት አጎቴ? አልዋጠችም እኮ! ነርቩ ነው የተናገረው፣ የቀረ አለ ብሎ! የቀኙ ነው የሠራው!»

«እኔ ያየሁት አይጥ ሲሮጥ ነው» አሉ አጎቷ። ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበትና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ለሳንባዋ መከላከያ መድኃኒት ጡንቻዋ ላይ ወግታ፣ እስከ ማግስቱ ከውኃ በቀር ምንም እንዳትቀምስ አዘዘች። ከዚያ ለአርባ ቀን በየማለዳው፣ ክሊኒኩ ሳይከፈት፣ አጎቷ ጋ እየሄደች ፉርሽካውን እንደ አጥሚት አቅጥና ራሷ አበላቻት። ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ሞገዱን ታያለች፤ አንዱ ብቻ በቃ ወይስ ሁለተኛው አስፈለገ? የመጀመሪያውን ሳምንት አጎቷ «መጣሽ?» ከማለት በቀር አላናገሯትም። በሁለተኛው ሳምንት ከጎኗ መቆም ጀመሩ። በሦስተኛው ገና በሩን ሳታልፍ «ማታ ሃያ ጎርሳ አራቴ ብቻ ነው ሁለተኛው የመጣው» ይሏት ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት እብጠቱ ሟሸሸና አንዱ ሞገድ ብቻውን ማለፍ ቻለ። ዳማ ወደ ጋሪው ተመለሰች፤ ቀለል ያለ ሸክም፣ ዳገቱን በእርምጃ።

ፉጨቱ ግን ቀረ። ያ ረጅም መንገድ የሚዞረው ነርቭ አልተመለሰም። ዳማ በክሊኒኩ አጠገብ ያለውን ዳገት ስትወጣ ገና ከሩቅ ይሰማል። ተሳፋሪዎች «ምን ሆና ነው የምታፏጨው?» ሲሉ አጎቷ አሁንም ገመዱን እንደያዙ «አይስቴን ጠይቋት» ይላሉ። ስሙን አልቀየሩላትም። የሚጠይቋትም ይመጣሉ፤ እሷም ትነግራቸዋለች።

ባለፈው ሰሞን አንድ ባለበቅሎ ጠየቃት። መርፌዋን ይዛ የበቅሎዋን አንገት ልትጫን ስትል ፉጨቱ በአጥሩ ማዶ አለፈ። ነገረችው፤ ባልዲውን፣ ጭብጨባውን፣ «አበቃ» ማለቷን። ሰውየው የበቅሎዋን ገመድ ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«ስተሻል ማለት ነው።»

«ስቻለሁ።»

«ታዲያ አሁን የኔዋን...?»

«ከፈለግህ ጡንቻዋ ላይ አደርግልሃለሁ፤ ይዘገያል። በደም ሥር ከሆነ መሀሉ ላይ ቆሜ አሳይሃለሁ። ያንተ ምርጫ ነው።»

ሰውየው ወደ መንገዱ አየ። ጋሪው ዳገቱን ጨርሷል፤ ፉጨቱም ቆሟል። ገመዱን አላላና የበቅሎዋን ራስ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ።

«እሺ፣ አሳዪኝ።»

እኩሌታው ሲገባ ቆመች። መግፊያውን ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው፤ ጠቆር ያለ ቀጭን የደም ክር ተከትሎ ገባና መድኃኒቱ ውስጥ ተበተነ። ሰውየው እስኪያየው ድረስ ጠበቀች፤ ከዚያ የቀረውን ገፋች።